ተሸናፊ ወደ ቤቱ የማይሄድበት ዋንጫ

ልጅ ሳለሁ በረኛ ነበርኩ። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከወንበር ሲነሣ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተወርውሮ ኳስ ይይዝ ነበር ብሎ ማመን ይከብዳቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። የእኔ ዘመን የመቀሌ ልጆች ከቀራችሁ ግን መስክሩልኝ፤ በኮረብታው ላይ በእንዳ ኢየሱስ ሰፈር ከእኔ የተሻለ በረኛ አልነበረም። ሌላ በረኛ ጭራሽ እንዳልነበረ መናገር ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም።

ጊዜው ጣልያን አገር የያዘበት ነበር። የዚያን ዘመን ክፉውን ብዙ ሰው ተናግሮታል፣ እውነትም ነው፤ የእኔም አባት ከዘመቻ አልተመለሰም። እኛ ልጆች ግን መጫወታችንን አልተውንም። ጣልያኖቹ የሚጫወቱበት የታጠረ ሜዳ ነበራቸው፤ እኛ እዚያ ድርሽ አንልም። የእኛ ሜዳ ከጨው ገበያው ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነበር። ከአፋር የሚመጡት ግመሎች ጨዋቸውን አራግፈው የሚያርፉበት ስለሆነ፣ እነሱ ሲመጡ ለቀን እንወጣለን፣ ሲሄዱ ገብተን እንጫወታለን። የግመል ሽንት፣ የጨው አቧራና ፀሐይ የመታው ድንጋይ አንድ ላይ የሚሰጡት ሽታ አለ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ዛሬም ድንገት ካገኘኝ ቆም ብዬ ደህና አድርጌ እስበዋለሁ።

ጓደኛዬ ሰይድ ይባላል። ወላጆቹ ከወሎ ለንግድ መጥተው ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያስተማሩኝ ሰይድና እናቱ ናቸው፤ ፊደሉ ኋላ የመጣ ነው። እናቱን ልክ እንደ ራሴ እናት "አደይ ዘይነባ" እያልኩ እጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም ሰይድን ሲያበሉ እኔን ሳያጎርሱ አያልፉም። ከአማርኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል "አቀብል" ነው። ሰይድ ኳስ እግሬ ሥር ባየ ቁጥር "አቀብል! አቀብል!" እያለ ይጮህብኝ ነበርና።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። የጣራችን ውሃ ማውረጃ ወደ እነሰይድ ግቢ የዞረ ስለነበር፣ ከአፈር ጣራችን የወረደው ጭቃ ውሃ አደይ ዘይነባ ለፀሐይ ያሰጡትን በርበሬ ጠራርጎ ወሰደው። እናቴ ይቅርታ ማለት ሲገባት "ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት" አለች። አደይ ዘይነባም የሚመልሱት አላጡም። ሁለቱም ቁጣቸው ቶሎ የሚነድ፣ ይቅርታቸው የሚዘገይ ሴቶች ነበሩ። በሳምንቱ እነሰይድ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ሰፈር ወረዱ። እናቴም "ከዚያ ቤት ልጅ ጋር ስትጫወት ባገኝህ ውርድ ከራሴ" ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

ከዚያ በኋላ እኔና ሰይድ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ደፍተን እንተላለፍ ጀመር። ጨዋታ ጣዕሙን አጣብኝ። ኳስ ይዤ ቀና ስል የማቀብለው ሰው የለም። ሌላ ልጅ ሞልቷል፤ እኔ የፈለግሁት ግን ሰይድን ነው፤ ይህን ለእናቴ መንገር ደግሞ የማይሞከር ነበር።

ዋንጫው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የእናቴ ወንድም አያ ኪሮስ ኦፊቺና በምንለው የጣልያኖች መኪና መጠገኛ ይሠራ ነበር። ጣልያንኛ አውቃለሁ ባይ ነው፤ የማያውቀውን ደግሞ ከራሱ ይሞላል። አለቃው ኖቫራ ከምትባል፣ ሩዝ ከሚበቅልባት ትንሽ ከተማ የመጣ መካኒክ ነበር። ስለ ከተማው አውርቶ ስለማይጠግብ ሰውየውን ራሱን ኖቫራ ብለን ሰየምነው። በዚያ ዓመት የከተማው ቡድን ለጣልያን ዋንጫ ይጫወት ነበርና ወሬው ከአስመራ በሚመጡት የጭነት መኪናዎች ላይ በጋዜጣ ይደርሰዋል። ቡድኑ አንድ ዙር ባለፈ ቁጥር ኖቫራ በቅባት በተለወሰ እጁ አያ ኪሮስን አቅፎ ይጨፍራል። አያ ኪሮስ በዚያ የተበላሸ ሸሚዙን እንደ ሹመት ልብስ እያሳየ ሰፈር ይመጣና ሁሉን ይተርክልናል።

አንድ ነገር ግን አልገባን አለ። የእኛ ጨዋታ መጨረሻ አልነበረውም፤ እስኪመሽ እንጫወታለን፣ ያሸነፈ የተሸነፈውን ይሳደባል፣ በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል። የጣልያን ዋንጫ ግን እንደዚያ አይደለም አለ አያ ኪሮስ። "አንዴ የተሸነፈ ወጣ ማለት ነው።"

"ወጥቶ የት ይሄዳል?" አለው አንዱ ልጅ።

አያ ኪሮስ ይህን ኖቫራን አልጠየቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ አልፈጠረበትም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና "እንታይ ማለት ነው? ጌታው የተሸነፈበት ጭፍራ የት ይሄዳል? ላሸነፈው ያድራል እንጂ" አለ።

ማናችንም አልደነቀንም። አያቶቻችን ሲያወሩ የምንሰማው ይህንኑ ነው፤ የተሸነፈው መኮንን ሰዎች ነፍጣቸውን ይዘው ላሸናፊው ይገባሉ፣ አሸናፊውም ተቀብሎ ያበላል። ኳስ ከዚህ ለምን ይለያል? በማግሥቱ የራሳችንን ዋንጫ ለመጀመር ተስማማን። አራት ሰፈር ገባበት፤ እኛ ከኮረብታው፣ የቤተ መንግሥት ግርጌዎቹ፣ የጨው ተራዎቹና እነሰይድ ያሉበት የገበያ ሰፈር። አያ ኪሮስ ከአሮጌ መኪና የፊት መብራት የወለቀ ጎድጓዳ ቆርቆሮ በአመድ ወልውሎ ዋንጫ አድርጎ ሰጠን።

የቤተ መንግሥት ግርጌዎቹን አሸነፍን፤ እነሱም በሕጉ መሠረት ሳያንገራግሩ ወደ እኛ መጡ። የገበያ ልጆች ደግሞ ጨው ተራዎቹን አሸንፈው ጠቀለሏቸው። ሁለቱም ወገን ልጅ በልጅ ሆነ። ብቸኛ በረኛ የነበርኩት እኔ አሁን ከኋላዬ የሚጠብቁ ሌሎች በረኞች አገኘሁ፤ እኔ ያመለጠኝን እነሱ ይይዛሉ ተባለ። አቤቱታ አላቀረብኩም።

የቀረው ፍጻሜው ነበር፤ እኛና ገበያ ሰፈር። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የተሸነፈ ላሸነፈው የሚያድር ከሆነ፣ ከጨዋታው በኋላ እኔና ሰይድ አንድ ወገን ልንሆን ነው። ደስታዬ ግን ወዲያው ከፍርሃት ጋር ተቀላቀለ። እኛ ከተሸነፍን ወደ ገበያ ሰፈር የምወርደው እኔ ነኝ፤ እናቴ ደግሞ እንኳን ልትለቀኝ፣ ነገሩን ብትሰማ በር ትዘጋብኛለች። ስለዚህ ሰይድ ወደ እኔ መምጣት ነበረበት፤ ለእኛ ካደረ ደግሞ የእኛ ሰው ነው፣ "የዚያ ቤት ልጅ" አይባልም። ማሸነፍ ነበረብኝ፣ ያውም ሰይድን።

የፍጻሜው ቀን ከተማው ልጅ አልቆበት ዋለ። ውሃ የሚቀዳ ጠፋ፣ ፍየል የሚመልስ ጠፋ። እናቶች ልምጭ እየመዘዙ ሊፈልጉን ወጡ። ሜዳው ዳር ሲደርሱ ግን ያን ሁሉ ልጅ አንድ የጨርቅ ኳስ ሲያሳድድ አዩና መግረፉን ለኋላ አሳድረው ተቀመጡ። እናቴ በእኛ በኩል፣ አደይ ዘይነባ በወዲያኛው በኩል ሆኑ። አያ ኪሮስ ከኦፊቺናው ያመጣውን የመኪና ጥሩምባ ይዞ ዳኛ ሆነ። ግመሎቹ ሲደርሱ ጨዋታው ያበቃል ተባለ።

እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ባላውቅም እኛ አንድ ጎል አገባን። በዚያ ግፊያ ውስጥ ኳሱ የማንን እግር ነክቶ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም፤ ከእኛ በኩል ያልማለ ልጅም አልነበረም፣ "እኔ ነኝ ያገባሁት" እያለ። ከዚያ የገበያ ልጆች ግር ብለው መጡ። አቧራው ሲገለጥ ሰይድ ኳሱን ይዞ ብቻውን ፊቴ ቆሟል። ከኋላዬ ያሉት በረኞች ግመሎቹ መምጣታቸውን ለማየት ዞረው ነበር፤ ጥሩ ጥበቃ ነው።

ሰይድ ወደ ቀኜ እንደሚመታ አውቃለሁ። በግቢያችን ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን ተለማምዶብኛል። እሱም ማወቄን ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ወደ ቀኜ መታ፣ እኔም ተወረወርኩ፤ ኳሱ እጄን ስቶ አፍንጫዬ ላይ አረፈና ተመለሰ። ዓይኔን ስገልጥ በእንባዬ መሐል የመጀመሪያው ግመል አንገት ታየኝ። አያ ኪሮስ ጥሩምባውን ነፋ።

የኮረብታው ልጆች አበዱ። የገበያ ልጆች አንድ በአንድ ወደ እኛ መሻገር ጀመሩ። ሰይድ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ በሸሚዙ ጫፍም የአፍንጫዬን ደም ጠረገልኝ። የሁለቱን እናቶች ፊት ነበር የምናየው።

አደይ ዘይነባ ተነሡ። "ሰይዴ፣ ና ወደ ቤት እንሂድ" አሉ።

ሰይድ ከቦታው አልተነቃነቀም። አያ ኪሮስ ጥሩምባውን እንደያዘ መሐል ገባ። "አይሆንም አደይ፣ ሕጉ አይፈቅድም። ልጁ ተሸንፏል፣ ላሸናፊው አድሯል።"

"የምን ሕግ ነው እሱ?"

"የዋንጫ ሕግ ነዋ።"

አደይ ዘይነባ ልጃቸውን አዩ፣ በደም የተለወሰ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ማዶ ያለችውን እናቴን አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉና "እንዲህ ከሆነማ ልጄ አድሮ እኔ ብቻዬን ወዴት እሄዳለሁ? እኔም አድሬያለሁ" ብለው ሜዳውን በቀጥታ አቋርጠው መጡ። ከእናቴ አጠገብም ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግመሎቹ እንዳዞረች ቆየች። በመጨረሻ የልብሷን ጫፍ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላቸው።

"አንቲ ዘይነባ" አለች ዞር ሳትል። "ያ የውሃ ማውረጃ ወደ ሌላ በኩል ዞሯል እኮ።"

"አይቻለሁ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያለሁ።"

"ካየሽ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንቺስ ካዞርሽው ምነው ዝም አልሽ?"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔና ሰይድ ሳቁ ሳይቆም፣ ሐሳባቸውንም ሳይቀይሩ፣ ኳሱን ይዘን በረርን።

የሚያስቀው በማግሥቱ የሆነው ነው። ሜዳ ላይ ተሰበሰብን፤ የከተማው ልጅ ሁሉ አንድ ቡድን ሆኗል፣ የሚገጥመን ጠፋ። ለጎረቤቷ ከተማ ለኲሓ ልጆች መልእክት ላክን፤ እነሱ ብዛታችንን ሰምተው "ይቅርብን" አሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ ስንባባል ቆይተን፣ ድንጋዩን ለቅመን ለራሳችን ትልቅ ሜዳ መጥረግ ጀመርን። ከሥራ እንዲያ ያለ ደስታ ኋላም አላገኘሁም።

ከሳምንታት በኋላ የኖቫራ ጋዜጣ መጣ። ቡድኑ እስከ ፍጻሜው ደርሶ፣ በፍጻሜው በሚላኖ ትልቅ ቡድን ተሸንፏል። ሰውየው ከመኪና ሥር አልወጣም ብሎ ዋለ። አያ ኪሮስ አጎንብሶ "አይዞህ፣ አሁን እኮ የሚላኖም ቡድን የእናንተ ነው፣ እናንተም የነሱ" ብሎ አጽናናው። ኖቫራ ነገሩ እስኪገባው ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ሲገባው ግን ያለቅስ የነበረው ሰው ከመኪናው ሥር እየሳቀ ወጣ። የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ ሌላ ምንም እንደሌለ አስረዳው።

አያ ኪሮስ ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "ወደ ቤቱ? እንዲሁ?" አለ አንዱ። ሌላው ታዲያ ሁሉም ወደየሰፈሩ ይመለስ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሰይድን አየሁት።

"እኔ አልመለስም" አለ ሰይድ ኳሱን እግሩ ሥር አድርጎ። "የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።" ነገሩ በዚህ ተዘጋ። ክረምቱ ሳይገባ እነአደይ ዘይነባ ዕቃቸውን በዚያው አህያ ጭነው ወደ ግድግዳችን ተመለሱ።

ዛሬ እዚሁ መቀሌ ሓወልቲ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ትልቅ ቴሌቪዥን የሰቀለ ካፌ አለ። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ በሚታይበት ቀን ወጣቱ የየቡድኑን መለያ ለብሶ ይሞላዋል። ኳሱ ያምራል፣ ሣሩ ያምራል፣ በረኞቹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ይሻላሉ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አለመድኩም። ፊሽካው ሲነፋ የተሸነፉት ሣር ላይ ተዘርግተው ያለቅሳሉ፤ ያሸነፉት በሌላ በኩል ይጨፍራሉ። ከዚያ ያ ሁሉ የሚያምር ልጅ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ወደ ጨለማው መተላለፊያ ይገባል። ና የሚለው የለም። ካፌው ውስጥም በተሸነፈው ቡድን በኩል የተቀመጡት ሒሳባቸውን ከፍለው ቶሎ ይወጣሉ።

ሰይድ እዚያው ካፌ ከእኔ ጋር ይመጣል። ዓይኑ ደክሟል፤ ኳሱን እኔ ነኝ የምነግረው። እልኸኛ ስለሆነ ሁልጊዜ እኔ ከመረጥኩት ሌላውን ይመርጣል፣ ወንበሩንም ወስዶ ከዚያ ቡድን ደጋፊዎች ጋር ይቀመጣል፤ እኔም ከማዶ ሆኜ እየጮህኩ እነግረዋለሁ። ቡድኑ የተሸነፈ ዕለት ወጣቶቹ ሲወጡ እሱ አይወጣም። ከዘራውን ይፈልጋል፣ ወንበሩን ይጎትታል፣ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተደናበረ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔ ግን ሲቀርብ እጄን እዘረጋለትና "ና፣ እዚህ ነኝ" እለዋለሁ።