በወገዳ ብቻዋን የሄደችው ቀስት

ወገዳ ያለው የጽሕፈትና የኮፒ ሱቄ ኮምፒውተር በቫይረስ በታመመ ቁጥር ከምሠራበት ከንፋስ መውጫ በዚያ ኮረኮንች መመላለስ ሰልችቶኝ፣ ሱቁን ልዘጋው ቆርጬ ነበር። ባሕር ዳር በተጠራ የኮምፒውተር አስተዳደር ጉባኤ ላይ ይህንኑ ለአንዲት ባለሙያ አጫወትኳት።

«ጋሼ፣ እዚሁ ቁጭ ብለን እናክመዋለን» አለችኝ።

ሱቁን ለምትጠብቀው ባለቤቴ ደወልኩ። ባለሙያዋ፣ ባለቤቴ ከኮምፒውተሩ ገጽ አንብባ የነገረቻትን ቁጥር በላፕቶፗ መታ መታ ስታደርግ፣ የወገዳው ኮምፒውተር ገጽ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ፊቴ ተዘረጋ።

ባለቤቴ በስልኩ ጮኸች፤ «አንተ! የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካት ትሄዳለች! ጠበል ልርጭበት?»

«ተይ! ውሃ ከነካው አለቀልን! ሰው ናት የገባችው!»

«በየት በኩል? በሩ ላይ እኮ እኔ ነኝ!»

እኔም በየት እንደገባች አላየሁም። ቫይረሱ ጠፍቶ ማተሚያው ወገዳ ላይ ሲያጓራ በስልኩ ሰማሁት፤ ሱቁን መዝጋቱንም እዚያው ተውኩት።