ከምላስ ሥር የቆዩት ሌንሶች

ሰኞ ገበያ ውስጥ ጀማሉዲን የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። የማስተምርበት ኮት ሲያረጅ የገለበጠልኝ እሱ ነው፤ ስፌቱ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ሰው «ምን ዓይን ነው ያለህ!» ብሎ ሲያደንቀው ግን አንገቱን ይደፋል። ነገሩን የነገረኝ ሁለታችንም ከሸመገልን በኋላ ነው።

በልጅነቱ ዓይኑን ይበላው ስለነበር ሲያሸው ይውል ነበር። ጎረምሳ ሲሆን አንዱ አምፖል ሦስት አራት ሆኖ ይታየው ጀመር። መነጽር አልረዳውም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተው፣ ከጎኑ የሚሰፋው ጓደኛው ማረው የራሱን የስፌት መኪና እያቆመ ያስገባለት ነበር።

«አምጣ አንተ ዕውር!» ይለዋል ማረው።

«ግዴለም፣ ተራህ ሲደርስ እኔም አስገባልሃለሁ» ይላል ጀማሉዲን።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም መጥቷል ሲባል እጁን ይዞ የወሰደውም ማረው ነው። ሐኪሙ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ «ብሌንህ ሳስቶ ሾጥጧል» አለው። «ከሞተ ሰው ብሌን ወስዶ መተካት የሚባል ሕክምና አለ። አንተ ግን ገና ወጣት ነህ። ዓይንህን ከመቅደዳችን በፊት ሌላ ነገር እንሞክር።»

የተሞከረው በልኩ የተሠሩ ሁለት ጠንካራ ሌንሶች ናቸው። በሾጠጠው ብሌን ላይ እየተቀመጡ ጉብታውን ያስተካክላሉ። እስኪመጡ ወራት ፈጀ፤ እስኪለምዳቸውም ሲያለቅስ ከረመ። አቧራ ከገባ ቶሎ እንዲያወጣቸው፣ ዓይኑንም ዳግመኛ እንዳያሽ ሐኪሙ አስጠነቀቀው። መጀመሪያ ያደረገው ክር ማስገባት ነበር። ቀጥሎ ዞሮ ማረውን አየው፤ ጉንጩ በፈንጣጣ ጠባሳ ተበሳስቷል።

«ወላሂ፣ እንዲህ አስቀያሚ መሆንህን ባውቅ አልታከምም ነበር!»

ጥቂት ቆይቶ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ከቀበሌው የተነበበው የጀማሉዲን ስም እንጂ የማረው አልነበረም። ጀማሉዲን ለምርመራ በሚቀርብበት ጠዋት ሌንሶቹን አወጣ። ቤትም ኪስም ይፈተሻል ብለው ስላስፈራሩት ከምላሱ ሥር ደበቃቸው። ያለ እነሱ መንገዱ ስለማይታየው ማረው እንደ ድሮው እጁን ይዞ መራው።

«እንዳትውጣቸው ብቻ» አለው በር ላይ ሲደርሱ። «አፍህን ዝጋ።»

መርማሪው ጣቶቹን ዘረጋ። ለጀማሉዲን የታየው ጭጋግ ነው፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄስ አይረባም፣ ይሂድ» አለ መልማዩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ያ የመራውስ? የእሱ ዓይን ያያል አይደል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማረውን እዚያው ያዙት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሸት ብዙ አንብቤያለሁ። ጀማሉዲን ያን ቀን አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፤ በእርግጥም አላየም። «አያለሁ፣ እኔን ውሰዱኝ» ለማለት ግን አፉን መክፈት ነበረበት። አልከፈተውም። በዝምታ የተሠራን በደል በየትኛው ሚዛን እንደሚመዝኑት እስከ ዛሬ አላውቅም። ማረው በዚያው ወደ ሰሜን ተላከ።

የማረው እናት እማማ እቴነሽ ባል የሞተባቸው፣ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ሱቁ ገብተው የልጃቸው ወንበር ላይ ያርፋሉ። ጀማሉዲን በመጡ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ይላል፤ መኪናውን መርገጥ ይቀጥላል። ቢያውቁ ዳግመኛ እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበር። መምጣታቸውንም ይፈራል፣ መቅረታቸውንም ይፈራል።

በሰማንያ ሦስት ደርግ ወደቀ። የተበተነው ጦር በኮምቦልቻ በኩል ወደየአገሩ መጉረፍ ሲጀምር፣ እማማ እቴነሽ ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«የኔ ዓይን ደክሟል። አንተ እይልኝ ልጄ።»

ኮምቦልቻ መገንጠያው ላይ ቆሙ። መኪና በመጣ ቁጥር ጀማሉዲን በፈንጣጣ የተበሳሳ ጉንጭ ይፈልጋል። አቧራው ከሌንሶቹ ሥር ገብቶ ዓይኑን እንደ አሸዋ ይፈጨዋል። ሐኪሙ ያለውን አልረሳም፤ ግን ሌንሶቹን ሲያወጣ ማረው ቢያልፍስ? እንባው እየወረደ ማየቱን ቀጠለ።

እማማ እቴነሽ ቀና ብለው አዩት።

«ደም መሰለ እኮ! አውጣቸውና አፍህ ውስጥ አርጥባቸው፤ እንደዚያን ጊዜው።»

ጀማሉዲን ዓይኑን ከመንገዱ ነቀለ።

«ያ… ያውቃሉ እንዴ?»

«ወደ ሰሜን ሊጫን ሲል ስንቅ ሳቀብለው ማረው ነገረኝ። ‹ማወቅሽን ለጀማል እንዳትነግሪው፣ መስፋት ያቆማል› አለኝ።»

«እና ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አሉኝ?»

«አንተስ?»

ሌንሶቹን በእጁ ላይ አወጣቸው። ሰዉም ተራራውም ጭጋግ ሆነ። ወደ አፉ ሊያስገባቸው አልቻለም። እማማ እቴነሽ ነገሩ ገብቷቸው የውሃ ቅላቸውን ክዳን ከፍተው መዳፉ ላይ ውሃ አፈሰሱለት።

«ቶሎ በል፣ መልሳቸው» አሉት። «ሌላ መኪና ይሰማኛል።»