ሄሊኮፕተሬን ቁጭ ብድግ ያሰሩት የግመል ደላላ

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ... ጀውሃ፣ መንገድ ዳር ያለች ምግብ ቤት ውስጥ ላቤን በሶፍት እየጠረግኩ አንድ ሰው እጠብቃለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሄሊኮፕተር አለ። ሲዘረጉት ሮቦት፣ ሲያጣጥፉት መልሶ ሄሊኮፕተር የሚሆን አሻንጉሊት።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ሸዋሮቢት ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ከስራ ውጪ ደግሞ ወደ ሮቦት የሚቀየሩ መኪናና አውሮፕላኖችን እሰበስባለሁ። እዚህ ቻናል ላይ ፎቶ አንስቼ፣ ቀለማቸውንና መገጣጠሚያቸውን አይቼ ከአስር ነጥብ እሰጣለሁ። ሠላሳ አንድ አሉኝ። እናቴ «ባል ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» ትላለች።

የምጠብቀው ታምሩን ነው። ካራቆሬ ሞባይል ይጠግናል፣ እንደኔው ሰብሳቢ ነው፣ የተዋወቅነውም እዚሁ ቻናል ላይ ነው። እሱ ጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና አለ። በሄሊኮፕተሬ ሊለውጠኝ ተስማማ።

አሁን ልናዘዝ... የሄሊኮፕተሬ ሮቦት ጉልበቱ ላልቷል። የአገራችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ እንኳን ፕላስቲክ ሰውም ይቀልጣል። ስታቆሙት ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ቁጭ ይላል። እኔ ሆዬ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጉልበቱ ውስጥ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀብቼ አጠበቅኩት። ለግማሽ ሰዓት ይቆምልኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የታምሩ ጣጣ ነው ብዬ። አዎ፣ አስቤው ነው ያደረግኩት።

ታምሩ መጣና የእሳት አደጋ መኪናውን በሮቦትነቱ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ልቤ ዘለለች። ቀለሙ አልተጫረም፣ መሰላሉ አልተሰበረም፣ ጎማዎቹ አልጎደሉም። እግሩን ነካ ሳደርገው ጠንከር አለብኝ። «ብዙ ያልተነካ ነው» አልኩ በሆዴ።

ደንቡ አጣጥፎ መኪና ማድረግ፣ ዘርግቶ መልሶ ማቆም ነው። ይሄን ለእናንተ ስንቴ ሰብኬያለሁ! ግን እኔ የሱን ባጣጥፍ እሱም የኔን ዘርግቶ ሊያቆም ነው... ተውኩት። እሱም ከቦርሳዬ ያወጣሁለትን ሄሊኮፕተር ሳይዘረጋ አገላብጦ አየና «ይበቃል፣ አምንሻለሁ» አለኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አደነቅኩት።

ልንለዋወጥ እጃችንን ስንዘረጋ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ድምፅ መጣ።

«ቆይ እስቲ አንቺ ልጅ። ሳታስነሱት ነው የምትለዋወጡት?»

ዞር ስል ጋሽ ሙሄ ናቸው። የግመል ደላላ ናቸው፣ የፋርማሲያችን ደንበኛ ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ። ሽርጣቸውን አሸርጠው ምሳቸውን ጨርሰው ሲያዩን ነበር ለካ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ አሻንጉሊት ነው» አልኳቸው።

«ጉልበት አለው አይደል? ጉልበት ካለው ይንበረከካል፣ ይነሳል። ግመል ሳያስነሳ የሚገዛ እኔ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያየሁት። አንዱ ሞኝ ነው። ሌላው የራሱን ግመል እንዳያስነሱበት የፈራ ነው።» ወንበራቸውን ወደኛ ሳቡ። «እናንተ ደግሞ ሞኝ አትመስሉም።»

ታምሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሁለታችንም ሳቅ ከጥርስ አላለፈም።

መጀመሪያ የታምሩን አነሱ። አንድ እጃቸውን ወገቡ ላይ፣ አውራ ጣታቸውን ጉልበቱ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ሊያንበረክኩት ሞከሩ። እምቢ አለ። ወደ ብርሃን አዞሩትና ጉልበቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ነጭ ነገር ተፈረፈረ።

«ይሄ ተሰብሮ ታክሟል።»

ሱፐር ግሉ! እኔ ጥንካሬ ያልኩት ሙጫ ነው። ያ እግር ከእንግዲህ አይታጠፍም፣ ሮቦቱም ተመልሶ መኪና አይሆንም። «ታምሩ! አታፍርም?» ብዬ ጮህኩበት። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። ታምሩ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ሙሄ ግን አልጨረሱም። እጃቸውን ወደ ሄሊኮፕተሬ ዘረጉ።

«የኔ ደህና ነው ጋሼ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«እስቲ እንየው።»

አስዘርግተው ሮቦት ካስደረጉኝ በኋላ ቁጭ ብድግ ያሰሩት ጀመር። አንድ... ሁለት... ሶስት... አራተኛው ላይ የጥፍር ቀለሙ ተልጦ ጣታቸው ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ሮቦቴ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

ታምሩ አልጮኸም። ስልኩን አውጥቶ ቻናሌን ከፈተና ስለ ሄሊኮፕተሩ የጻፍኩትን አነበበልኝ። «ጉልበት፦ እንደ ብረት። ነጥብ፦ ዘጠኝ ከአስር።»

ስጽፈው እውነት ነበር። ከላላ በኋላ ግን አላስተካከልኩትም። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ሙሄ አልተቆጡንም። «ነውሩን ሸሽጎ መለወጥ እኛ ጋ ሐራም ነው። እናንተም ጋ የሚወደድ አይመስለኝም» አሉ። «ነውር የሌለው ግመል እስከዛሬ አላየሁም። ተነጋገሩና ተለዋወጡ፣ ካልሆነም የየራሳችሁን ይዛችሁ ግቡ።»

ተነጋገርን። እሱ ሮቦቱ ከመደርደሪያ ወድቆ እንደተሰበረበት፣ እኔ ስለ ጥፍር ቀለሜ። የሱ ይቆማል እንጂ አይታጠፍም፣ የኔ ይታጠፋል እንጂ አይቆምም። ጋሽ ሙሄ ሁለቱንም አየት አደረጉና «ሁለቱ ተደምረው አንድ ጤነኛ ይወጣቸዋል» ብለው ተነስተው ሄዱ። እኛም ነውራቸውን እያወቅን ተለዋወጥን።

ቤት እንደገባሁ ዘጠኟን ወደ አምስት አወረድኳት። ለምን ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ምክንያቱ ይሄው ነው። የቀሩትን ሠላሳዎቹንም ቁጭ ብድግ እያሰራኋቸው ነው፣ ሶስቱ ከወዲሁ ወድቀዋል።

ትናንት ታምሩ ደወለ። «ኧረ ይሄ ሄሊኮፕተርሽ አሁንም ቁጭ ይላል!»

«ነግሬህ የለም እንዴ!» አልኩት... እንዲህ ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም።