ቀፎ የሌላት ንብ አርቢ

2015 ዓ.ም. በጋ ነበር። ጥምቀት አልፎ የፈረሰኞች በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በዚያ ወቅት እንጅባራ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ይጥልባታል። ቅዳሜ ዕለት ሣሩ ገና ነጭ እንደሆነ ከቤቴ ወጥቼ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። የጤና መድን ላሳድስ ነው።

የመጨረሻ ልጄ የልብ ሕመም አለባት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት እኔ ብርድ ነው እያልኩ ዝንጅብል አጠጣት ነበር። በኋላ ልቧን ነክቶ ተገኘ። በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። በየካቲት ደግሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት፤ ሐኪሞቹ ልቧን በመሣሪያ የሚያዩበት። መድኑ ከታደሰ በሪፈር ትሄዳለች። ካልታደሰ አትሄድም። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ለመድኑ የያዝኩት ብር የመጨረሻዋ በጌ ዋጋ ነበር።

በቀበሌው ግቢ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛዎች ነበሩ። አንደኛው በር አጠገብ፣ ሌላው ከባሕር ዛፎቹ ሥር። ከዛፎቹ ሥር ያለው ሰልፍ ይበዛል። በሰልፉ ውስጥ የንስሐ አባቴን ነጭ ጥምጥም አየሁ። ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩ።

ማንበብ አላውቅም ብል ያምርብኝ ነበር። ግን አውቃለሁ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ያላነበብኩት ንስሐ አባቴ ከፊቴ ስለነበሩ ነው። እሳቸው ከቆሙበት ቦታ ቆሞ «ይህ የምን ሰልፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። እኛ ዘንድ ሰው አባቱን ተከትሎ ይገባል፤ ተከትሎ ይወጣል።

እሳቸው ፈርመው ወረቀታቸውን አዩ። ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ላይ ለምትመዘግበው ልጅ አንድ ነገር ነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ሄዱ።

ተራዬ ደረሰ። መታወቂያዬንና ጉርድ ፎቶ ሰጠሁ። ልጅቱ የቤተሰቤን ብዛት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የመድን ደብተሬን ከነጠላዬ ሥር ላወጣ ስል፣

«ደብተር አያስፈልግም እናቴ፤ አዲስ ነው የምንመዘግበው» አለችኝ።

አሠራሩ ተቀይሯል ብዬ አሰብኩ። በየዓመቱ ይቀየር የለ። ብሩን ከፈልኩ፣ ፈረምኩ፣ ደረሰኙን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ። ተመስገን እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ደረሰኙን የዘረጋችው ልጄ ናት። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«እማ፣ ንብ ልናረባ ነው?»

«የምን ንብ?»

«የንብ አርቢዎች ማኅበር አባል ሆነሻል ይላል። ዘመናዊ ቀፎም ይሰጡሻል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ነጠላዬን እንደገና አጣፋሁ።

ቀበሌ ስደርስ ከዛፎቹ ሥር የነበረው ጠረጴዛ ተነሥቷል። ዘበኛው በሩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«የንቦቹ ሰዎች የት ሄዱ?»

«ንግሥታቸው ወዳለችበት፤ ዳንግላ» አለና ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። ለካ ቢሯቸው ዳንግላ ነው። የቀበሌው ሹም ደግሞ «እኛ ግቢ ብቻ ነው የፈቀድንላቸው» ብሎ እጁን አራገፈ። ግቢ የፈቀደ ሰው ምን እንዳገኘ ማን ያውቃል ብዬ በልቤ ጠረጠርኩት። የመድኑ ሠራተኛ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሆኖ፣

«እስከ ዓርብ ነው፤ ከዓርብ በኋላ የሚመጣውን ለዘንድሮ አንመዘግብም» አለኝ።

ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራረጠ። በአራተኛው አንድ ወንድ አነሣ።

«ገንዘብ ያዡ ሐሙስ ብቻ ነው የሚገኘው። ዋናውን ደረሰኝ ይዘው ቢሮ ይምጡ።»

ለምን ሐሙስ ብቻ? ለምንስ ዋናውን? ተቀብለው ቢቀዳድዱትና አልሰጠሽንም ቢሉኝ ምን ይዤ እከራከራለሁ? ከገበያው ጫፍ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሦስት ኮፒ አስነሣሁ። አንዱን ለልጄ ሰጠሁ፣ አንዱን መሶብ ሥር አስቀመጥኩ፣ አንዱን ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ከተትኩ። ጸሎት ላደርስ በገለጥኩት ቁጥር የንብ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይወጣብኛል። ጸሎቴን ይበጠብጠው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ያች የመዘገበችን ልጅ በነጠላ ተሸፍና ከአጥሩ አጠገብ ቆማለች። ንስሐ አባቴ አብረዋት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ልጅቱ አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። ዙሪያቸውን አይተው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ለጧፍ የሚሆን ሰም እንደሚያጥረው እሳቸው ራሳቸው በዐውደ ምሕረት ተናግረው ነበር። ንብ አርቢዎች ሰም አላቸው። እንግዲያው በሰም ምትክ ሰው እንዲያመጡላቸው ተስማምተዋል፤ ሰልፍ ላይ ቆመው እኛን እንደ በግ ያስከተሉን ለዚህ ነው። የልጄን ሕመም እያወቁ! እኔው ነኝ በንስሐ የነገርኳቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን መስቀል ሳልሳለም በጎን በኩል ወደ በሩ ሄድኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጄ፣ ሳትሳለሚ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«ቸኩዬ ነው አባ።»

አልቸኮልኩም ነበር። ቤቴ ገብቼ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን በዚሁ ሐሳብ ዋልኩ። መጾሙን ጾምኩ፤ ልቤ ግን ሲያማ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች በጉልበታቸው ላይ አዲስ የፈረስ ጌጥ አቅፈው በአዊኛ ይቀላለዳሉ። አዊኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም፤ ወሬያቸው ስለ አንድ ሰነፍ ፈረስ ነበር። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ቆመን ሰው ጫንን። ብርዱ ከዚያ በኋላ ቀነሰ። እኔ መንገዱን ሙሉ መቀነቴን በእጄ ይዤ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ በዓይኔ ስጠብቅ ሄድኩ። ምስኪኑ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ዳንግላ ስደርስ በባጃጅ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ከእህል መጋዘን በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስገፋ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ንስሐ አባቴ ተቀምጠዋል።

ይኸው፣ አልኩ በልቤ። ዋጋቸውን ሊቀበሉ መጥተዋል።

ሲያዩኝ ደነገጡ። መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ተዉት። እኔ እጅ ነሥቼ ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀፎ ሥዕል እናይ ጀመር።

ገንዘብ ያዡ ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነበር። ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ። ደረሰኙን አወጣሁ፤ ጫፉን ግን አልለቀቅሁም።

«እናቴ፣ ይልቀቁት እንጂ ላነበው ነው።»

«እንደያዝኩት ያንብቡት።»

ሳቀና አንገቱን አስግጎ አነበበ። «ገና ስድስት ቀንዎ ነው። ማር አይወዱም እንዴ?»

«እወዳለሁ።»

«ታዲያ ንቡ ምን አድርጎዎት ጠሉት?»

«አልጠላሁትም። ተሳስቼ ነው የገባሁት። የልጄ የሕክምና ብር ነው።»

ሳቁን ተወ። «ካልተጠቀሙበት ይመለስልዎታል፤ ደንባችን ይፈቅዳል። ግን ከማኅበሩ ምንም እንዳልወሰዱ አንድ አባል መፈረም አለበት።»

ጥርጣሬዬ እንደገና ተነሣ። አባል ከየት አመጣለሁ? ይህ ሰውን የሚያደክሙበት ዘዴ ነው።

«የማውቀው አባል የለም።»

«አባታችን አሉ አይደለም እንዴ? ያገርዎ ሰው ናቸው፤ አባልም ናቸው።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «እንዲያውም መልካም አጋጣሚ ነው። እርስዎም መውጣት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል፤ እርስዎም ምስክር የለዎትም። ሁለታችሁንም ከመዝገብ ከመሰረዜ በፊት አንዳችሁ ለአንዳችሁ ፈርሙ» አለ።

የሰማሁትን አላመንኩም። መውጣት? ዞሬ አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል።

ሰውዬው ወረቀቱን አቀረበልኝ። የተጻፈው አጭር ነው፤ እኒህ አባል ከማኅበሩ ምንም ጥቅም እንዳላገኙ አውቃለሁ ይላል። ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኩት። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ብፈርም የሐሰት ምስክርነት ነው። ያውም ለንስሐ አባቴ።

«አባ፣» አልኩ፣ «እሑድ ከአጥሩ አጠገብ የተቀበሉት ወረቀት ምንድን ነው?»

ገንዘብ ያዡ ቀና አለ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። የዚህ ቢሮ አድራሻና መውጫ ማመልከቻ ነበር። ልጅቱ ሞልታላቸዋለች፤ ከሥሩ የእሳቸው ፊርማ አለ።

«ሰው የበዛበት የጤናው ይሆናል ብዬ ነው የተሰለፍኩት» አሉ። «ደረሰኙን ሳየው የንብ ነው። መልሽልኝ ብላት ዳንግላ ይሂዱ አለችኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ መጽሐፍ እያነበበ የሚያስተምር ቄስ አንድ ወረቀት ሳያነብ ፈረመ ሊሉኝ ነው። አፈርኩ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከኋላዬ እንደቆምሽ አውቄ ነበር ልጄ። ለምን እንደመጣሽም አውቅ ነበር። ዞሬ ‹ይህ አይደለም› ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አልተናገርኳትም።»

የጠረጠርኩት ሐሰት ነበር፤ ያሳዘነኝ ነገር ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ፈረምኩላቸው። እሳቸውም ፈረሙልኝ። ገንዘብ ያዡ የሁለታችንንም ሳያጎድል መለሰ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት፤ ከልቤ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሌባ ሳደርገው የከረምኩት ሰው ደረጃው ድረስ ሸኘን።

«ንቡ ካማራችሁ ተመለሱ፤ አብራችሁ አንድ ቀፎ ትይዛላችሁ» አለን።

ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ «አባ፣ ከፊት ይቀመጡ» ቢላቸው እምቢ ብለው ከእኔ ጋር ኋላ ተቀመጡ። አዲስ ቅዳምን ካለፍን በኋላ ቀስ ብዬ፣

«አባ፣ በልቤ ክፉ ነገር አስቤብዎታለሁ» አልኩ።

«ምን አሰብሽ?»

«በሰም የሸጡን መስሎኝ ነበር።»

መጀመሪያ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«በሰም! ስንት ጧፍ አወጣሁ ብለሽ ነው?»

«ቀኖናዬን ይስጡኝ አባ።»

«እዚህ? ረዳቱ ሒሳብ እያለ?» አሉና ሳቃቸውን ዋጡ። «አርባ ስግደት ስገጂ። እኔ ሰማንያ እሰግዳለሁ። አንቺ በልብሽ ነው ያማሽኝ፤ እኔ እያወቅሁ ትቼሽ ሄድኩ። ደግሞ እኔም የንስሐ አባት አሉኝ፤ እነግራቸዋለሁ።»

ጉልበታቸው ደካማ ነው። ሰማንያ ይበዛብዎታል ልል አስቤ ተውኩት። የእሳቸው ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ዓርብ፣ ስግደቴን አድርሼ ቀበሌ ሄድኩ። እሳቸው ቀድመውኝ ተሰልፈዋል። ዞረው አዩኝና፣ «የጤና መድን ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ» አሉኝ፤ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው። ከፊታችን ያሉት ሳቁ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ሠራተኛው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው እየመታ ጠበቀኝ። የልጄን ስም በደብተሩ ላይ ሲጽፍ፣ ማኅተሙንም ሲያሳርፍ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ ልጄን አስፈቀድኳትና ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። የባሕር ዳሩን ሪፈር ከቀትር በፊት አጻፍን።