ከግራ የከፈትኩት የግልገሏ መጽሐፍ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። አገር ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ዘመዶች እያነበነቡ ያስጻፉኝን የሰላምታ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱም የእነሱ ቃል እንጂ የእኔ አይደለም። አሁን የምጽፈው ስለ አንድ የሕፃናት መጽሐፍ ነው። ገጹን ሁሉ ሥዕል የሞላው፣ ከሥዕሉ ሥር አንድ ሁለት መስመር ዕብራይስጥ ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ነው። ነገሩን ለማንም አላወራሁም። በአፍ ማውራት ድሮም አይሆንልኝም።

ቂርያት ጋት ከተማ የገባነው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አባቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። እህቴ ያኔ አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። እናታችን ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ቀርታለች። ስማችን በተጠራበት ቀን ወባ ይዟት መቆም አቅቷት ነበር፤ የጭነት መኪናው ላይ ደግሞ ለታመመ ሰው መተኛ ቦታ የለም ተባለ። እህቴን በገዛ ነጠላዋ ጀርባዬ ላይ አሰረችልኝና «ሂዱ፣ በሚቀጥለው መኪና እደርስባችኋለሁ» አለችን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። አባቴ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኙም።

የተሰጠን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት ከሞሮኮ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ይኖራሉ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። አንድ ቀን በካርቶን አምስት መጽሐፍ ይዘው መጡ፣ የእህቴን ጉንጭ ቆንጠጥ አደረጉና ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም።

አንዱ መጽሐፍ ስለ ፍራፍሬ ነው፤ እህቴ ሙዙን ልትልጠው ስትሞክር ገጹን ቀደደችው። አንዱ ስለ ባቡር ነው። አንዱ ላይ አንድ ሕፃን ሲታጠብ አረፋው ከገንዳው ፈስሶ፣ በደረጃው ወርዶ መንገድ ይሞላል። አራተኛው የገበያ ሥዕል ነው፤ ሰዉ ብዙ ስለሆነ ከሰው መሃል ዘንቢል የያዘች ሴትዮ እንፈልጋለን፣ እህቴ ሁልጊዜ ቀድማኝ ታገኛታለች። ከሁሉም የወደድነው ግን የግልገሏን ነው።

ያኔ ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ መማር አልጀመርኩም ነበር። መጽሐፉን የከፈትኩት መጽሐፍ እንደማውቀው፣ ከግራ ነው። የተማርኩበት መጽሐፍ የሚከፈተው ከግራ ነው፤ የቄሳችን ኦሪትም ከግራ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግልገሏ እናቷ ሆድ ሥር ተኝታለች። ቀጥሎ እናቲቱ ሰማያዊ በር ላይ ቆማ ታያታለች። ከዚያ ላም፣ ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ ዶሮ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ግልገሏ ቀይ አበባ በሞላበት መስክ ብቻዋን ቆማለች። የሚያምረውን የፊቷን ሥዕል በመጨረሻው ሽፋን ላይ ማድረጋቸው ገርሞኝ ነበር።

ፊደሉን ስለማላውቅ ታሪኩን ከሥዕሉ አወጣሁት። አንዲት ግልገል እናቷ ሥር ተኝታ ነበር። ጠዋት ተነሥታ ከቤት ወጣች። እናቷ በር ላይ ቆማ «ሂጂ» አለቻት። ላሟን፣ ውሻውን፣ ዶሮዋን አለፈቻቸው። መስኩ ላይ ደረሰች።

እህቴ ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ ጣቷን አበባው ላይ ታደርግና ትጠይቀኛለች።

«እናቷስ?»

«ትመጣለች።»

«መቼ?»

«መጽሐፉ አለቀ እንጂ ትመጣለች።»

ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ክር እለይ ነበር፤ እዚያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ድምፄ አይሰማም። የእኛው አገር ልጆች «አንቺ፣ ምላስሽን ሱዳን ጥለሽው ነው የመጣሽው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቤት ገብቼ ፍራሹ ላይ ከእህቴ ጎን ስቀመጥ ግን እንደ ላም እጮሃለሁ፣ እንደ ውሻ እጮሃለሁ። አባቴ ከወጥ ቤት «ላሚቱን አራተኛ ፎቅ ማን አወጣት?» ይሉናል። እህቴ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች። ያቺ ሰዓት ከቀኑ ውስጥ የእኔ ናት የምላት አንዲቷ ነበረች።

ከመስከረም በዓላት በኋላ እህቴ የሕፃናት ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ቀን መጽሐፉን ይዛ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«እትዬ! አታውቂበትም! ገልብጠሽ ነው የምታነቢው!»

«ማን አለ?»

«አስተማሪዋ። እኔ ለልጆቹ ላነብላቸው ስል ሁሉም ሳቁብኝ። መጀመሪያው በዚህ በኩል ነው!» መጽሐፉን አገላብጣ የግልገሏን ፊት አሳየችኝ።

አፈርኩ። አባቴ ሰምተው «ታዲያ ምን ያስቃል? እኛ ራሳችን በሱዳን ዞረን በጓሮ አይደል እንዴ የገባነው» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ከቀኝ ጀምረን አነበብነው። ግልገሏ መስኩ ላይ ብቻዋን ናት፤ ጠፍታለች። ዶሮዋን ትጠይቃለች፣ ውሻውን ትጠይቃለች፣ ላሟን ትጠይቃለች። ሰማያዊው በር ላይ እናቷ ቆማለች። መጨረሻ ላይ እናቷ ሆድ ሥር ተኝታለች።

«አየሽ? አየሽ?» አለች እህቴ። «እናቷ ትመጣለች!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ አንዳንዴም ሦስት አራት ጊዜ፣ በዚያ በኩል አነበብኩላት። ፍራሹ ላይም በግድግዳው በኩል ቦታ መተው ጀመረች። ልተኛበት ስል ትገፋኛለች።

«ተነሺ፣ እሱ የእማ ነው።»

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ፣ የፋብሪካው አውቶቡስ ሳይመጣ በራችን ተንኳኳ። ቄሱና ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ደረጃው ላይ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ቤት ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። አባቴ ግቡ እንኳ አላሉም።

«የማንን ነው?» አሉ።

ቄሱ «ጠንክር» አሏቸው። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

እናቴ እኛ በሄድን በአሥራ አንደኛው ቀን ሞታ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ወሬውን የሰሙት ገና በፋሲካ ነው። ቤት እስክንይዝ፣ ትንሽ አቅም እስክናገኝ ብለው እንደ ወጉ ይዘውት ቆዩ። አልፈርድባቸውም፤ ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም ከእነሱ ጋር እሸሽግ ነበር። ግን ሲነግሩን መቁጠር ጀመርኩ። ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። ለእህቴ መጀመሪያ ጊዜ «ትመጣለች» ካልኳት ቀን በፊት፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው።

«ትንሿ አትስማ» አሉ ቄሱ። «ነፍስ ስታውቅ ትነገራለች።»

እህቴን ከእንቅልፏ ሳትነቃ ታቅፌ ጎረቤታችን ቤት ወሰድኳት። ሴትዮዋ ነጠላዬንና ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ተቀበሉኝ። የለቅሶውን ሰባት ቀን እዚያ ዋለች። እየሮጠች ስትመጣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ታያለች።

«ሰዎቹ ለምን መጡ?»

«ሊጠይቁን።»

«እማን ይዘዋት መጡ?»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ለቅሶው ባለቀ ማግስት ከፋብሪካ ስመለስ እህቴ መጽሐፉን ይዛ ፍራሹ ላይ ጠበቀችኝ። ከቀኝ ከፈትኩት። መስኩን አነበብኩ። ዶሮዋን፣ ውሻውን፣ ላሟን አነበብኩ፤ አልጮህኩም። ሰማያዊው በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። የቀረው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እጄ ግን አልገለጠውም። እህቴ ክንዴን ነቀነቀችው። እኔም መጽሐፉን ዘጋሁና አዙሬ፣ እንደ ድሮው፣ ከግራ ጀመርኩ። በዚያ በኩል ቢያንስ አልዋሻትም ብዬ ነው። ግልገሏ እናቷ ሥር ተኝታ ነበር አልኳት። እናቷ በር ላይ ቆማ «ሂጂ» አለቻት አልኳት። እህቴ ሥዕሉን አላየችም፤ ፊቴን ታይ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው።

አሁን አምስት ዓመት አልፏታል። መጽሐፉን ይዛ ጎረቤታችን ዘንድ ትሄዳለች፤ እሳቸው በትክክለኛው በኩል፣ በዕብራይስጥ ያነቡላታል። በሩ ሥር ስቆም ሲስቁ ይሰማኛል። በአማርኛ ስጠራት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ድገሚልኝ ለማለትም አፍራለሁ። ስለ እናታችን አትጠይቅም። በግድግዳው በኩል ያለው ቦታ ግን አሁንም ባዶ ነው፤ ሌሊት በእንቅልፏ እንኳ አትደርስበትም። ቄሱን ባለፈው ሰንበት አግኝቻቸው «መቼ ልንገራት?» አልኳቸው፤ «ገና ናት» አሉኝ። ሲደርስ በየትኛው ቋንቋ እንደምነግራት አላውቅም።

ከ«እሺ» እና ከ«እንቢ» ያለፈ ነገር በአማርኛ ለመጨረሻ ጊዜ የነገረችኝ ያን ከእጄ የነጠቀችኝ ቀን ነው። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ፍራሹ ላይ ቆማ፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ከእንግዲህ አንቺ አታንብቢልኝ። አንቺ ስታነቢው እናቷ ትሄዳለች።»