ወደ ውስጥ የምለው አዎንታ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ኦስሎ፣ ሮምሶስ የሚባል ሰፈር ስኖር ነው። ጎረቤቴ ጃማይካዊት ፎቶ አንሺ ነበረች። አያቷ አንድም ፎቶ ሳይነሱ ሞተው፣ ጃማይካ ያሉት እናቷ የአባታቸው መልክ እየጠፋባቸው ነበር። እኔ ቁርጥ እሳቸውን ስለምመስል አንስታ ልትልክላቸው ፈለገች። ኮቴን ለብሼ ተቀመጥኩ።

«ዝግጁ ነህ?» ትለኛለች በኖርዌይኛ። እንደ አገሬ ሰው አየር ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» ስል፣ ልቤ የቆመ መስሏት ካሜራዋን አስቀምጣ ውሃ ልታመጣ ትሮጣለች። «ደህና ነህ?» ባለችኝ ቁጥር እንደዚያው «አዎ» እያልኩ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ኤርትራዊቷ ጎረቤታችን ብቅ አለችና፣ «ልቡ ደህና ነው፤ እኛ ጋ አዎ የሚባለው እንዲህ ነው!» አለቻት። ወደ እኔም ዞራ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ አዎህን ወደ ውጭ በለው!» ስትለኝ ስስቅ ፎቶው ተነሳ።

እናትየው፣ «ራሱ አባቴ ነው፤ ጥርሱን ግን ከየት አመጣው?» ብለው ጻፉ። ከአራተኛው ብርጭቆ ያዳነችኝ ያቺ ኤርትራዊት ናት።