ኮከብ የሚወልደው ጋዝ

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ወገዳ ተገፍቼ የተዛወርኩት በከዋክብት ጦስ ነው ብል ማን ያምነኛል? በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ተማሪው በየከተማው በሚያምጽበት ወቅት፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ለስምንተኛ ክፍሎች፣ «ሰማይ ላይ ሳስቶ የተበተነ ጋዝ ምንም አይወልድም፤ ተሰብስቦ ጥቅጥቅ ሲል ግን አዲስ ኮከብ ይወለዳል» አልኳቸው።

በማግስቱ የወረዳው ገዥ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ቀድሞኝ ከጎናቸው ተቀምጧል።

«ጋዝ ይሰብሰብ ብለሃል አሉ። አገር ልታቃጥል ነው?» አሉኝ ገዥው።

«የለም ጌታዬ! የፋኖስ ጋዝ አይደለም። እንደ ጉም ያለ፣ ከሰማይ ላይ የሚገኝ ነው።»

«አዲሱ ኮከብስ ማነው? በጃንሆይ ላይ ሌላ ልታነግሥ?»

ወደ ዳይሬክተሩ ዞርኩ። ያንን ትምህርት ያገኘሁበትን መጽሐፍ ያዋሰኝ እሱ ነበር። አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ገበታ የምንበላ ጓደኛሞች ነን።

«ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

አላየኝም። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ገዥው ዞረ።

«ጌታዬ፣ እኔስ የማውቀው የፋኖሱን ብቻ ነው» አላቸው።